በቀረበልኝ ናሙና ውስጥ

ኅዳር ፫ ቀን

ይድረስ ከዓይኔ ርቃ ከልቤ ላልራቀችው ልጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል እላለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን የውሃ ማጠራቀሚያ መሰላል ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ ነውና የሚያጉረመርመው፣ አልፈርድበትም። ሁለት ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ በመቆየቴ ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ምክንያት አልደረድርም፤ ምክንያት የሰነፍ ተማሪ ስንቅ ነው ይሉን ነበር መምህራችን።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎን፣ የሰማሽው እውነት ነው፤ በከተማችን የቧንቧ ውሃ መጠጣት የተዉ ሰዎች አሉ። ክረምቱ ሲያበቃ በታችኛው ሰፈር ሦስት ሕፃናት በሆድ ሕመም ተኝተው ነበር፤ ሦስቱም ድነዋል። ዝናብ አባርቶ ዝንብ ሲበዛ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር ነው። እኔ የውሃ መርማሪ ሆኜ በሥራ ላይ ሳለሁ በመዝገቤ አንዳንዱ ዓመት ዘጠኝ፣ አንዳንዱ ዓመት ዐሥራ ሁለት ሕፃን ተጽፎበታል። ያን ጊዜ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ዘንድሮ ጠያቂ ተገኘ።

ሜትሮን ሳታስታውሽው አትቀሪም፤ በገበያው መግቢያ ጨርቅ ይሸጥ የነበረውን፣ መለኪያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የሚውለውን። አሁን ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደራል። መለኪያውን አውልቆ ክራባት አስሯል፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም ሜትሮ ነው የሚለው። እንደ ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አይጮኽም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ እኔ አዋቂ አይደለሁም፤ የእኔ መጠየቅ ብቻ ነው። ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገባው ማን ነው? ከየት የመጣ ነው? ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው?» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። እርሱ ዝም ሲል እያንዳንዱ ሰው ለራሱ መልስ ይሰጣል፤ ሰው ደግሞ ራሱ የወለደውን መልስ እንደ ልጁ ነው የሚያምነው።

ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገባውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አጣቢው ነው። ድርቁ የጠናበት ዓመት ከተራራው ማዶ ከመጡት አንዱ። ሰዉ «ማዶዎቹ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደ ሰዉ እላለሁ። ያስቀጠርሁት እኔ ነኝ፤ ያስተማርሁትም እኔ። ቦት ጫማውን በክሎሪን ሳያጥብ መሰላሉን እንዳይረግጥ፣ ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ እንዳይቦርሽ፣ ውስጥ ሆኖ እንዳያስል። ሲጨርስ እወርድና ግድግዳውን በነጭ መሐረቤ አሸው ነበር። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ከተመለሰ ምንም አልለውም ነበር፤ ምንም አለማለቴ ምስጋና መሆኑን ያውቃል። አብረን በሠራንበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደ ገና ግባ ያልሁት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከትናንት በስቲያ ሜትሮ ወደ ቤቴ መጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ስለ ውሃ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ሆነ። «አባታችን፣ እርስዎ እያሉ ታዲያ ማንን እንጠይቅ?» አለኝ። ሲሄድ እስከ በር ሸኘሁት። ይህን የምጽፈው ምንም እንዳልደብቅሽ ነው።

አድራሻሽ ለምን እንደ ተለወጠ ግን አንቺ አልነገርሽኝም።

አባትሽ


ኅዳር 19

ውድ አባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን በሞቀ ጨርቅ ይያዙት፣ ጠዋት ጠዋትም ቶሎ አይነሱ። እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ፤ ግን ብዬዎታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። አድራሻዬን የቀየርኩት የድሮው ክፍል እርጥበት ስለነበረው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሥራዬም እንዳለ ነው፤ በቀን አራት መቶ አንሶላ አጥፌ እደረድራለሁ። እጄ አሁን ጠርዝና ጠርዙን ሳያይ ያገናኛል።

የአጣቢው ሚስት ጽፋልኝ ነበር። እኛ ጓሮ ቁጭ ብለን ያስተማርኳትን ፊደል ይኸው ክፉ ወሬ ጻፈችበት። ባሏን ከሥራ አግደውታል፣ ቁልፉንም ተቀብለውታል። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰው ሁሉ ባለበት ሊጠይቁት ነው። እርስዎም እንደሚጠሩ ነው የጻፈችልኝ። ይህን ከእርስዎ አልሰማሁም። «ምንም እንዳልደብቅሽ» የሚለውን መስመርዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

አባባ፣ መጀመሪያ ሰሞን ከማጠራቀሚያው ኖራ በኖራ ሆኖ ወጥቶ በበራችን ሲያልፍ ትዝ ይልዎታል? እናቴ «ኧረ ሙት ተነሣ!» ብላ ስትጮህ፣ እሱ ቆም ብሎ ምን አላት? «እትዬ፣ ገና ነኝ፤ የወር ደመወዜን ሳልቀበል የት እሞታለሁ!» እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ እንኳ ያቺን እያነሳች ትስቅ ነበር። መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው።

ሲጠሩ ይሂዱ። የሚያውቁትን ይናገሩለት። በዚያ ከተማ ስለዚያ ውሃ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። የእርስዎ አንድ ቃል ካለ ማንም አይነካውም። ሰዉ ውሃውን እያፈላ ነው የሚጠጣው አሉ፤ እርስዎም ያፈላሉ?

ልጅዎ


ታኅሣሥ ፮ ቀን

ለልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ። በቴሌግራም የላክሽው ጥያቄ ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ መልሱ ግን በቴሌግራም አይበቃም። «በትክክል ምን አሉ?» ብለሻል። በትክክል ያልሁትን እነሆ።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት በኩል ቆሞ ነበር። ከፊት ረድፍ መካከል የእጅ መደገፊያ ያለው ወንበር ለእኔ ተይዞ ቆየኝ። አጣቢውን በስተግራ ባለ አግዳሚ ላይ ለብቻው አስቀምጠውታል፤ ያችን የሥራ ቦት ጫማውን አጥቦ ተጫምቷል። ሜትሮ ተነሥቶ እጅ ነሣኝና እንዲህ ተነጋገርን።

«አባታችን፣ በቅርቡ ውሃውን መርምረዋል?»

«ማዘጋጃ ቤቱ አምስት ጠርሙስ ልኮልኝ በድሮው ላቦራቶሪ መርምሬአለሁ።»

«ምን አገኙ?»

«በቀረበልኝ ናሙና ውስጥ ጎጂ ነገር አላገኘሁም።»

«ባልቀረበልዎትስ ውስጥ?»

«ስላልቀረበልኝ ቃል መስጠት አልችልም።»

«እንግዲያውስ ሊኖር ይችላል?»

«የለም ብዬ መማል አልችልም።»

ከኋላ ዳቦ ጋጋሪው «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር!» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ እንዳላለቀ አንዲት ሴት «ወይኔ ልጆቼን!» አለች፤ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሜትሮ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «ሰምታችኋል፤ እኔ ምንም አላልሁም» አለ። እውነቱን ነው፤ ምንም አላለም። ወደ አጣቢው ዞሮ «አንተስ የምትለው አለህ?» ሲለው፣ አጣቢው ወደ እኔ ተመለከተና «ጋሼ ያውቃሉ» አለ።

ልጄ ሆይ፣ ልትቈጪኝ ትችያለሽ። ይሁን እንጂ እኔ የተማርሁት በዚህ መንገድ ነው። በተማሪነቴ አንድ ቀን ጠርሙሱን ሳላይ «ንጹሕ» ብዬ ጽፌ መምህሬ ያየሁትን ብቻ እንድጽፍ በአለንጋ አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ በፈረምሁባቸው ወረቀቶች ሁሉ «ንጹሕ ነው» የሚል ቃል አይገኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት «ጎጂ ነገር አላገኘሁም» ስል ይህ ከተማ በሰላም ጠጥቷል። ቃሉ ያው ነው፤ የሰሚው ጆሮ ነው የተለወጠው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እነዚህ ግን እባቡን አላዩም፣ ተነገራቸው እንጂ።

በቴሌግራምሽ ያልነበረውን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ደብዳቤሽ ግርጌ የጠየቅሽኝን ደግሞ ሳልመልስ ልተወው አስቤ ነበር። አዎን። እኔም ውሃዬን አፍልቼ እጠጣለሁ። ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን እጄን አልከለከለውም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያፈላ የእኔ ምድጃ ብቻውን መዋሉ ከበደኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 24

አባባ፤

ስለ ጤናዎ ሳልጠይቅ መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ።

የአጣቢው ሚስት ከሁለት ልጆቿ ጋር እኔ ዘንድ ናት። ማክሰኞ ድንበሩን ተሻግራ ደረሰች። ያለኝ አንድ ክፍል ነው፤ እነሱ አልጋው ላይ፣ እኔ መሬት ላይ እንተኛለን። የቤታቸውን በር የሰበሩት እነማን እንደሆኑ ጠየቅኳት። «ጎረቤት» አለችኝ። ስም አልጠራችም። ትንሿ ልጅ ውሃ ስሰጣት መጀመሪያ የእናቷን ፊት ታያለች።

ባሏን «ለራሱ ደኅንነት» ብለው ፖሊስ ጣቢያ አስገብተውታል። ለደኅንነቱ ከሆነ ማታ ማታ ለምን ብርድ ልብስ እንደሚከለከል አልገባኝም።

ደብዳቤዎን ሳልነግራት ለብቻዬ አነበብኩት። አንድ ነገር ልበልዎት፣ ድፍረት ከሆነብኝ ይቅርታ። ሜትሮ ሰዉን በውሸት አላሳመነውም። ፍርሃቱን አስጨበጠውና ሄደ። የፈራ ሰው ማስረጃ አይመዝንም አባባ፤ ፊት ነው የሚያየው። በዚያ አዳራሽ ያለው ሰው ሁሉ የእርስዎን ፊት እያየ ነበር። ልጅ ሲወድቅ ከማልቀሱ በፊት የእናቱን ፊት እንደሚያየው። እርስዎ ደግሞ ናሙናውን አዩ።

ለእኔ «ንጹሕ መሆኑን አውቃለሁ» ብለው ጽፈውልኛል። በገዛ እጅዎ ጽሑፍ፣ በቀለም። ለእኔ የጻፉትን ለእነሱ ይንገሩልኝ። መምህርዎ ሞተዋል። አጣቢው ገና በሕይወት አለ።

ስለ ራሴ ለጠየቁኝ ደህና ነኝ። አሁን ስለዚያ አንነጋገር።

ልጅዎ


ጥር ፲፩ ቀን

ለልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ በቤትሽ ላሉትም እንደዚሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ድፍረት ነው ያልሽውን እኔ ድፍረት አላልሁትም። አራት ጊዜ አንብቤ አጥፌ መዝገቤ ውስጥ አኖርሁት።

እንዳልሽኝ አድርጌአለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የሜትሮ ስብሰባ ነበርና ልብሴን ለብሼ፣ ሳልጠራ ሄድሁ። ቃል ጠየቅሁ፤ ፈቀዱልኝ። «ውሃው ንጹሕ ነው» አልሁ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ጠጥቼዋለሁ። አጣቢው ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋት የለበትም። ይፈታ።» እንዲያ ያለ ቃል ከአፌ ሲወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው።

ሜትሮ ከመድረኩ ወርዶ ሁለት እጆቼን ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ እንባው እውነተኛ ነበር፤ በዚህ ነገር እንዳትጠራጠሪ።

«አባታችን፣ ማን ነው ያስፈራራዎት?» አለኝ።

«ማንም አላስፈራራኝም።»

«አይፍሩ፣ እኛ አለንልዎ። ደጅዎ ላይ መጥተው ነው?»

«ሰውዬ፣ ማንም አልመጣብኝም እላለሁ!»

«አያችሁ?» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለፈው ወር እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው የለም ብዬ አልምልም ያሉት እኚህ ሰው ናቸው። ዛሬ ምን አግኝቷቸው ነው የሚምሉት? እኔ አላውቅም፤ የእኔ መጠየቅ ብቻ ነው። በእኚህ ሽማግሌ የጨከነ ለማን ይራራል?»

ሴቶች አለቀሱ። ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ ጉልበቴን ሳመ። ስናገር በቆየሁ መጠን ፍርሃታቸው ጨመረ፤ ዝም ስል ደግሞ ዝምታዬን ለመሐላ ቈጠሩት። ሠላሳ ያህል ሰው ከብቦ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በበሬ ላይ ሁለት ሰዎች ይጠብቁኛል፤ ፀጉር አስተካካዩና ወፍራሙ አናጢ። በርጩማ አምጥተው በጠርሙስ ክዳን ዳማ ሲጫወቱ ይውላሉ። ትናንት አናጢው «ጋሼ፣ ማዶዎቹ ከመጡ እኔን ሳይገድሉ እርስዎ ጋ አይደርሱም!» ሲለኝ ፀጉር አስተካካዩ «አንተን ዞሮ ማለፉ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል» አለው። ሳቅሁ። መሳቄን ከሳቅሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ደጎች ናቸው። እንጨት ይፈልጡልኛል፤ ዳቦ ያመጡልኛል፤ ውሃዬንም እነርሱ ናቸው የሚያፈሉልኝ። ወደ ጣቢያው ልሂድ ስላቸው ግን «ለእርስዎ ደኅንነት ጥሩ አይደለም» ይሉኛል።

ስለ አጣቢው የጠራ ወሬ የለኝም። ለሚስቱ ይህንኑ ንገሪያት።

አባትሽ


ጥር 30

ውድ አባባ፤

እንደምን አሉ? መናገርዎን ለአጣቢው ሚስት ነገርኳት። ድስቱን እያጠበች ነበር፤ አንገቷን ነቀነቀችና ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ግን ሄደው መናገርዎን አልረሳውም። የሆነው ቢሆንም አልረሳውም።

አሁን እኔም የደበቅኩትን ልንገርዎት፤ ስለጠየቁኝ ሳይሆን መደበቅ ስለደከመኝ ነው። የድሮው ክፍል እርጥበት አልነበረውም። ደረጃው ላይ አንድ ጠዋት ወረቀት ተለጥፎ አገኘን። «ከየት መጡ? ምን ይዘው መጡ?» ይላል። ሌላ ነገር አይልም። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ሦስት ዓመት ልጄ ስትለኝ የኖረች ናት፤ እያለቀሰች ዕቃዬን አስወጣችኝ። «እኔ ምንም አልልሽም፣ ተከራዮቹ ናቸው የፈሩት» አለችኝ። ተከራዮቹን ጠየቅኳቸው፤ ባለቤቷ ናት የፈራችው አሉኝ።

ሥራዬም የለም። ሆስፒታሉ ውስጥ ሕመምተኞችን የሚያሳክክ ነገር ያዛቸው። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ከሌላ አገር የመጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። አለቃችን ቀጥተኛ ሰው ነው፤ በአራት ዓመት አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ጠርተው ጠየቁት። «በሷ ላይ ያየሁት ነገር የለም» አለ። «ካዩት ውጭስ?» አሉት። «ያላየሁትን አላውቅም» አለ። አልዋሸም። ዕቃዬን ራሱ ተሸክሞ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ።

በሩ ላይ ቆሜ እርስዎን አሰብኩ። አልተናደድኩም። የሆነ ቦታ ላይ መናደድ አቁሜያለሁ መሰለኝ።

አሁን ከአጣቢው ሚስት ጋር ቆሻሻ መጣያው አጠገብ የፕላስቲክ ጠርሙስ እንለቅማለን፤ ክዳኑን ለብቻ፣ ጠርሙሱን ለብቻ። እሷ ከተራራው ማዶ፣ እኔ ከተራራው ወዲህ ነኝ ብል እዚህ የሚሰማኝ የለም። ሁለታችንንም «እነዚያ» ነው የሚሉን። ትናንት ስታስቀኝ ምን አለች መሰልዎት? «አይዞሽ፣ መጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ናቸው የሚከብዱት።»

አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ሜትሮ ተመርጧል፤ በማጠራቀሚያው ዙሪያ አዲስ አጥርና የጥበቃ ማማ ተሠርቷል፤ ሲመረቅም የክብር ወንበር ተዘጋጅቶልዎታል። አባባ፣ አይቀመጡበት። ታመምኩ ይበሉ፣ በርዎን ይዝጉ፣ ምንም ይበሉ። ንግግር አልለምንዎትም፤ መቅረት ብቻ ነው የምለምንዎት። ባዶ ወንበር ሰው ያያል።

ከተቀመጡበት ግን ከዚያ በኋላ አይጻፉልኝ። ቢመጣም አልከፍተውም።

ሚስቱ በየቀኑ ባሏ የት እንዳለ ትጠይቀኛለች። ካወቁ፣ ያውቁ ከሆነ፣ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


የካቲት ፳፪ ቀን

ለልጄ፤

ይህን ደብዳቤ አልከፍተውም ብለሻል። እንዳልሽው ካደረግሽ ትክክል ነሽ፤ ከከፈትሽውም ገና ሳታነቢው የሆነውን ዐውቀሽዋል። ስለዚህ ሰላምታውን አላስረዝምም።

አስቀድሜ ስለ አጣቢው። በጥር ደብዳቤዬ የጠራ ወሬ የለኝም ያልሁሽ ሐሰት ነው። ለአንቺ የጻፍሁት የመጀመሪያው ሐሰት እርሱ ነው። እኔ አዳራሽ ውስጥ «ይፈታ» ባልሁበት ቀን እርሱንና አርባ የሚሆኑ ማዶዎችን በጭነት መኪና አሳፍረው ወደ ተራራው ወስደዋቸዋል። ወደ አዳራሹ ስሄድ መኪናው ገበያው ጥግ ቆሞ ነበር። ከላይ ሆኖ አየኝና ባርኔጣውን አወለቀልኝ። እኔም ባርኔጣዬን አንሥቼ አለፍሁ። መሄዱን እያወቅሁ ነው «ይፈታ» ያልሁት። ከዚያ ወዲያ የት እንዳወረዷቸው የሚያውቅ አላገኘሁም፤ ይህኛው እውነት ነው። ለሚስቱ እንዴት እንደምትነግሪያት አላውቅም።

አሁን ስለ ወንበሩ።

ማንም አላስገደደኝም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ኮቴን አስተኩሶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀዎት ነው» አለኝ። አልሄድም ልለው አፌን ከፈትሁ። «ጫማዬን አቀብለኝ» የሚል ወጣ። ለምን እንደ ሆነ ሁለት ሳምንት አስቤበታለሁ። እናትሽ የለችም፤ አንቺ የለሽም፤ ይህን በር የሚያንኳኩት እነርሱ ብቻ ናቸው። ይህ ምክንያት አይደለም፤ ቢሆንም ሌላ አላገኘሁም።

አጥሩ ከፍ ያለ ነው። ማማው ላይ ስድስት ጠባቂዎች ይፈራረቃሉ፤ ወደ ማጠራቀሚያው ማንም ሰው እንዳይደርስ ጥብቅ ትእዛዝ አለ። ማንም ማለት ማንም ነው። አጣቢው ከታገደ ጀምሮ በምትኩ የተቀጠረ የለም፤ ማን ይታመናል? ይህን ያወቅሁት እዚያው ተቀምጬ ከጠባቂው ጋር ስንጫወት ነው። «ታዲያ ማን ያጥበዋል?» አልሁት። «ምኑን?» አለኝ።

ሜትሮ ንግግሩን አሳጠረ። በአዲስ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ከልማዴ የተነሣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣሁት። ከሥሩ አረንጓዴ የሚመስል ክር ይንሳፈፋል፤ ወደ አፍንጫዬ ሳቀርበው ሦስት ወር ያልታጠበ ግድግዳ ሸተተኝ። እኔ ይህን ሽታ በእንቅልፌም አልስተውም። ናሙናው ቀርቦልኛል፤ አይቼዋለሁ።

«ንጹሕ ነው ወይ፣ አባታችን?» አለኝ ሜትሮ።

ሰዉ ሁሉ ፊቴን ያይ ነበር። እናቶች ነበሩ፤ ዳቦ ጋጋሪው ነበረ፤ የእኔ ሁለቱ ጠባቂዎች ከፊት ቆመው በኩራት ይመለከቱኛል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልፈሩ ይመስሉ ነበር። ያንን ፊታቸውን ከማበላሸው መዋሸቱ ቀለለኝ።

«ንጹሕ ነው» አልሁ።

አመኑኝ። ጭብጨባው ረጅም ነበር። ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ የተሰማኝም ነገር አልነበረም። ሕፃናቱን በሰልፍ አቁመዋቸው ኖሯል፤ ከእኔ ቀጥሎ ለእነርሱ ተቀዳ።

አባትሽ